የሙጫው ዱቄት

የሙጫ ዱቄት ሰርቆ በላ ተባልኩ። አልበላሁም። የተበላሸ ሳንቃ አንገቴ ላይ አንጠልጥለው መካነ ሰላም ገበያ መሀል አዞሩኝ፤ ያዞሩኝም ጠግበው የሚያድሩ ሰዎች ነበሩ። ይህን መጀመሪያ ልናገረውና ልገላገል። የቀረውን ቀስ እያልኩ እነግርሃለሁ።

ትናንት አንድ ጎረምሳ ከቤቴ ፊት ለፊት ካለው የመብራት ምሰሶ ላይ የስብሰባ ማስታወቂያ ሲለጥፍ አየሁት። በጣሳ የዱቄት ሙጫ ይዟል፤ በጭራሮ እየጨለፈ ይቀባል። ሽታው መጣብኝ። እርጥብ፣ ሞቅ ያለ፣ ኮምጠጥ የሚል የስንዴ ዱቄት ሽታ ነው። ለሌላው ሰው ምንም አይደለም፤ የኔ ምላስ ግን መረረ። የምሬን ነው፣ መረረ። ገብቼ በውሃ ተጉመጠመጥኩ፤ አልለቀቀኝም። ዛሬ አናጢ ሁሉ ከሱቅ ነጭ ኮላ በፕላስቲክ ይገዛል፤ እኔም የምገዛው እሱኑ ነው። በዱቄት ሳንቃ የሚያጣብቅ የለም። ጎረምሳው ግን ከየት እንዳመጣው እንጃ ዱቄቱን አፍልቶ መጣና አርባ ዓመት የተኛውን ነገር ቀሰቀሰብኝ።

ያኔ ሃያ ሊሞላኝ ነው፣ ወይም ሞልቶኛል፤ የሚቆጥርልኝ አልነበረም። ፊደል አላውቅም። ዘመኑ ያ የወሎ ረሀብ ነው፤ ኋላ ንጉሡን ይዞ የወረደው። መጀመሪያ ቆላው ደረቀ፤ እኛ ደገኞቹ «የቆላ ነገር» እያልን አዘንን። ቀጥሎ የኛ ገብስ ሳያዘረዝር ቀረ፤ የሚያዝንልን አጣን። ከሳይንት በኩል ሰው በመንገዱ ይመጣል፣ ያልፋል፣ ወይም አያልፍም። ጠዋት ጠዋት የሚሰማው ድምፅ የዶሮ አልነበረም፤ ዶሮ የት አለና። የመቆፈሪያ ድምፅ ነበር።

እናቴ ከከተማው ዳር ካለች ጎጆ ውስጥ ነበረች። እኔ ደግሞ ከአንድ አናጢ ዘንድ ተጠግቼ እሠራለሁ፤ በቀን አንዴ እበላለሁ፤ ከዚያችው ላይ ቀንሼ ለእናቴ እወስዳለሁ። አናጢው ሙስሊም ነው። ደሴ ከርሞ ቅርጽ መቁረጥ የተማረ፣ በአገሩ ላይ አቻ የሌለው ሰው ነበር። አያ እያልኩ በአንቱታ ነበር የማናግረው። መጋዙን የሠራው ራሱ ነው። ከአሮጌ የልብስ ስፌት መኪና የብረት እግር ላይ እንደ ጅራት ፀጉር የቀጠነ ስለት አቆመበት፤ መርገጫውን በእግርህ ስትረግጥ ስለቱ ላይ ታች፣ ላይ ታች ይላል። ድምፁ እንደ ፌንጣ ነው። ክፍሉ የጥድ ሽታ ይሸታል፤ ከበሩ የገባው ፀሐይ በሰጋቱራው ብናኝ ውስጥ እንደ ወንፊት ይወርዳል። ሰው ውጪ እየሞተ እኔ እዚያ ውስጥ ደስ ይለኝ ነበር። ይህን አልደብቅህም።

በዚያ ክፉ ቀን አንድ ባላባት የቆርቆሮ ቤት ይሠራ ነበር። የጣሪያው ጠርዝ ዙሪያውን ባለቅጠል ቅርጽ የእንጨት ጥልፍ ይንጠልጠልበት አለ፤ ደሴ አይቷል፤ አምሮታል። ሳንቃው ከደንቆሮ ጫካ የወረደ ጥድ ነው፤ ያንን ያህል የሚያክል ከዚያ ወዲያ አልተገኘም። ዋጋችን እህል ነበር። ሥራው ሲያልቅ ገብስ ይሰፈርላችኋል ተባልን። ገብስ ሲባል አናጢው ሚስቱን አየ፤ ሚስቱ ልጆቹን አየች።

ሁሉም ሳንቃ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አንድ በአንድ ከተቆረጠ ክረምት ይገባል፤ ደግሞም አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም። ስለዚህ ስምንት ስስ ሳንቃ ይነባበራል። ከላይኛው ላይ ቅርጹ ይሳላል፤ መጋዙ አንዴ ሲያልፍ ስምንቱም አብረው ይቆረጣሉ። ይህ እንዲሆን ግን ስምንቱ አንድ እንጨት መሆን አለባቸው። ካላጣበቅካቸው ይንሸራተታሉ። ሙጫ ብቻ ከቀባህ ደግሞ ኋላ አይላቀቁልህም፤ ስትገነጥል ይሰነጠቃሉ። ብልሃቱ ወረቀት ነው። ሳንቃ፣ ሙጫ፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ እንደገና ሙጫ፣ ሳንቃ። ተቆርጦ ከሚጣለው ጠርዝ ላይ ቀጭን ሚስማር ይመታል፤ ማዕዘኑ በጥጥ ክር ይጠፈራል፤ ከላይ ድንጋይ ተጭኖበት ያድራል። ተቆርጦ ሲያልቅ ቢላ በወረቀቱ መሀል ታስገባለህ፤ ጠሽ ይልና ይለያያል። ያቺን ጠሽ እወዳት ነበር።

መቁረጥ የሱ፣ ማጣበቅ የኔ ነበር። አንድ ቀን ድርብርቡን በጣቱ አንኳኳና «እጅህ ታማኝ ነው» አለኝ። አንድም ቀን ከሰው አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። ለእናቴ ነገርኳት። እሷም ለጎረቤት ነገረች።

ሙጫ ደግሞ በጣት አይሞከርም። የሞቀ ሙጫ ጣትን ያታልላል፤ ቀጥኖ ሳለ ወፍራም ይመስላል። የሚሞከረው በምላስ ነው። ጠብ ታደርግበትና ከላንቃህ ጋር ታጣብቀዋለህ፤ ምላስህ ሲላቀቅ ጎተት ካደረገህ ደርሷል። ይህንንም ያስተማረኝ እሱ ነው።

የሙጫውን ዱቄት ባላባቱ ሰጠ፤ አንድ ከረጢት የስንዴ ዱቄት። ይዞት የመጣው የግቢው አዛዥ ነው፤ ጉንጩ የሚያብረቀርቅ፣ ሲስቅ ሆዱን የሚይዝ ሰው። ከረጢቱን ከማስረከቡ በፊት በቅል የያዘውን ደርቆ የተወቀጠ እሬት ገለበጠበትና በበትሩ አማሰለው። ነጩ ዱቄት ወደ ቢጫ አደላ።

የአናጢው ሚስት ከበሩ ቆማ «ጌታው፣ ምነው እህሉን አበላሹት?» አለች።

«እንዳትበሉት ነዋ» አለ አዛዡ። «የሚበላው ሳንቃው ነው። እናንተ ተራችሁን ጠብቁ።»

ከኋላው የነበሩት አሽከሮች ሳቁ። አናጢው «አላህ ይስጥልን» አለ። ምን ይበል?

ሙጫውን የምታፈላው ሚስትየው ነበረች። ማለዳ በሸክላ ድስት አድርጋ በሥራ ክፍሉና በቤታቸው መሀል ባለው በር ታቀብለኛለች። የመጀመሪያዎቹ ድርብርቦች እንደ ድንጋይ ያዙ፤ ሲቆረጡ ስምንቱ ቅጠል ከአንድ እናት የተወለደ ይመስላል። ከዚያ ሙጫው እየቀጠነ መጣ። ምላሴን ይመረዋል፣ ግን አይጎትትም። ድስቱን ካቀበለችኝ በኋላም ከጭቃው ግድግዳ ወዲያ የማማሰያ ድምፅ እሰማለሁ። ሁለት ልጆች ነበሯቸው፤ አንድ ወንድ፣ አንዲት ታናሽ ሴት። አንድ ማለዳ ልጁ «መረረኝ» ሲል ሰማሁ። እናትየው ቀስ ብላ «ዋጠው የኔ ጌታ፤ ዓይንህን ጨፍነህ ዋጠው» አለችው።

ስለዚህ አውቅ ነበር። ከመጀመሪያው አውቅ ነበር።

«አያ፣ ሙጫው ቀጥኗል» አልኩት።

«ቅባው።»

«አይዝም እኮ።»

«ክር ጨምርበት» አለኝ። ቀና ብሎ አላየኝም።

ክር ጨመርኩ። ከብረት ቀጥቃጩ ዘንድ ሄጄ አሮጌ ሚስማር ለመንኩ። ድንጋዩን አከበድኩ። ካንድ ሌሊት ይልቅ ሁለት ሌሊት አሳደርኩት። ሰው በእጁ ሊያደርግ የሚችለውን ሁሉ አደረግሁ። ሙጫ የሌለው ድርብርብ ግን በዳሩ ቢታሰርም በሆዱ ልቅ ነው፤ መጋዙ መሀሉን ሲነካው ያኔ ያውቃል።

የቅጠሉ እጥፋት ላይ ሲደርስ የፌንጣው ድምፅ ተለወጠ፤ ሻከረ። አናጢው እግሩን አላነሳም፤ ረገጠው። ከላይ የሚታየው ቅጠል አምሮ ወጣ። ቢላ አስገብቼ ስለያየው ጠሽ የሚል ነገር የለም፤ ዝም ብሎ ተንሸራቶ ወደቀ። ላይኞቹ ደህና ናቸው። አራተኛው ተጣሟል። ታችኞቹማ ፍየል የቀረጠፈችው ቅጠል ይመስላሉ። ከዚያ በፊት ቆርጠን ሳንከፍት ያቆምናቸው ድርብርቦች ሲከፈቱም ሆዳቸው እንደዚያው ሆኖ ተገኘ። አዛዡ በዚያ ሰዓት ሥራ ሊያይ ገባ። ዕድሌ ነው።

አንዱን ሳንቃ አነሳና በፀሐይ አየው። ከረጢቱን አስመጣና መዘነው በእጁ። «ዱቄቱ የት ገባ?» አለ። ጮኾ አይደለም።

አናጢው መሬት መሬት አየ። ከዚያ ወደ ግድግዳው አየ፤ ከወዲያ ማዶ ልጆቹ ወዳሉበት። «ሙጫውን የሚይዘው እሱ ነው» አለ።

በላ አላለም። ሙጫውን የሚይዘው እሱ ነው። እውነት ነው፤ እኔ ነበርኩ የምይዘው።

«ምላስህን አውጣ» አለኝ አዛዡ።

አወጣሁ። ጠዋት የቀመስኩት ሙጫ ነበረበት።

«ኧረ ኑና እዩ፤ ምላሱ አደይ አበባ አብቅሏል። መስከረም ጠባ እንዴ?» አሽከሮቹ ሳቁ።

«አያ፣ ንገሯቸው» አልኩ። «ሙጫ በምላስ እንደሚቀመስ ንገሯቸው።»

አዛዡ ወደሱ ዞሮ «አንተም ትቀምሳለህ?» አለው።

«እኔ ከቀመስኩ ቆይቻለሁ» አለ አናጢው።

ይህም እውነት ነው። ይገርምሃል፤ ያ ሰው በዚያን ቀን አንዲት ውሸት አልተናገረም።

እኔስ ለምን ዝም አልኩ ትለኝ ይሆናል። ደግ ሆኜ አይደለም። ልጆቹ ናቸው ብል ማን ያምነኛል? ቢያምኑኝስ ገብተው የልጆቹን ምላስ ሊያወጡ ነው? ግድግዳውን አየሁና አፌ አልከፈት አለ። አናጢው ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። እስኪያስሩኝ ጠበቅሁ።

የገበያ ቀን ነበር። ገበያ አትበለው፤ የሚሸጥ የለ፣ የሚገዛ የለ፣ ሰው ከልማዱ ተሰብስቦ ይቀመጣል። ሳንቃዎቹን በገዛ ክሬ አንገቴ ላይ አሰሩና አዞሩኝ። አንዱ አሽከር ከፊቴ እየሄደ «የሙጫ ዱቄት የበላ ሌባ» ይላል። የተሰደብኩ መስሎህ ይሆናል። የሰደበኝ እንኳ አልነበረም፤ አቅም የት አለውና። አንድ ሽማግሌ ከተቀመጡበት ቀና ብለው «ልጄ፣ ትንሽ ተርፎሃል?» አሉኝ። አንዲት ሴት ደግሞ አንገቴ ላይ ያለውን ትክ ብላ አየችና «ሳንቃውንስ ለምን አስተረፈው?» አለች። ያን ጊዜ ሰው ሳቀ። እንደዚያ ያለ ሳቅ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም።

እናቴ ከገበያው ዳር ነበረች። ሲለቁኝ መጣችና ፊቴን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

«በልተኸዋል?»

«አልበላሁም፣ እማ።»

ሳንቃዎቹን ካንገቴ አወረደቻቸው።

«ምነው በበላኸው» አለች።

ከዚያ ወዲያ በመካነ ሰላም የሚቀጥረኝ አልተገኘም። የተሰጠውን የሚበላ ሠራተኛ ማን ቤቱ ያስገባል? በየደረስኩበት «አንተ ያ የሙጫው ልጅ አይደለህም?» ነው። ሥራ ፍለጋ በእግሬ ወደ ደሴ ወረድኩ፤ እናቴን ትንሽ ገንዘብ ስይዝ እመጣልሻለሁ ብዬ። ደሴ ሸክም ተሸከምኩ፤ ኋላ ኩታበር ከግንድ ሰንጣቂዎች ጋር ገባሁ። ክረምቱ ሳይገባ ከአገሬ የወረዱ ሰዎች እናቴ መሞቷን ነገሩኝ። አንዲቱ ሴትዮ እያዘነችልኝ «አንተ እንኳ በልተህ ተረፍክ» አለችኝ። ያንን ስትል ክፋት አልነበራትም።

ከዚያ ንጉሡ ወረዱ። መሬት ላራሹ ተባለ። ስመለስ ባላባቱ ሸሽቷል፤ አዛዡ ታስሯል፤ ቆርቆሮ ቤቱ የገበሬ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ሆኗል። ከጣሪያው ጠርዝ የኛ ቅጠሎች እስከ ግማሽ ድረስ ተሰቅለው ነበር፤ ግማሹ ባዶ። ከዘመቻ የመጡ ተማሪዎች ሕዝቡን ሰብስበው በደላችሁን ተናገሩ አሉ። አንዱ ልጅ፣ ፂሙ ገና ያልወጣ፣ ብዕሩን ይዞ ከፊቴ ተቀመጠና «ጓድ፣ ማን በደለህ?» አለኝ። ስለ አዛዡ ነገርኩት። «አናጢውስ? የባላባት መሣሪያ ነበር ይላሉ» አለ። አንዲት ቃል ብናገር እሱም ከአዛዡ ጎን ይታሰር ነበር።

«እንጨት ቆራጭ ነው» አልኩት፤ ሌላ አልጨመርኩም። ለአናጢው አዝኜ እንዳይመስልህ። እኔ የምፈልገው ከሱ አፍ እንዲወጣ ነበር። ሰው በተሰበሰበበት አልበላም ይበል። ከተማሪ ወረቀት ላይ ቢወጣ ለኔ ምኔ ነው?

በማግስቱ ከቤቱ ሄድኩ። መጋዙ ላይ ተቀምጧል፤ አይረግጥም። አርጅቷል። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ ተጠያየቅን።

«አያ፣ ይንገሩልኝ» አልኩት።

«ምን ብዬ?»

«እኔ እንዳልበላሁ።»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ሚስቱ ከመሀሉ በር መጥታ ቆመች፤ አየችኝ፤ ተመለሰች። ወንዱ ልጅ ደጅ ይጫወት ነበር። ብቻውን።

«ያለፈ ነገር ነው ልጄ» አለ። «ተወው።»

ተነሥቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ አፌን ለሱ አልከፈትኩም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ኮፍያዬን አላነሳለትም። እዚያው ከተማ፣ ከሱ ሱቅ ሦስት ቤት አልፎ የራሴን የእንጨት ሥራ ከፈትኩ። ሰው ሳጥን ሊያሠራ ይመጣል፤ ዋጋ ሲሟገት «ለሙጫው ደግሞ ምሳህን እናመጣለን» ይላል፤ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ገበያተኛ አይባረርም።

መሠረተ ትምህርት የመጣ ጊዜ ማታ ማታ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጬ ፊደል ቆጠርኩ። ጣቴ ደንዳና ነው፤ ጠመኔ ይሰበርብኛል። አስተማሪዋ ልጅ እግር ነበረች። አንድ ቀን «የፈለጋችሁትን አንድ ቃል ጻፉ» አለችን። አንዱ የልጁን ስም፣ አንዱ «በሬ» ጻፈ። እኔ «አልበላሁም» ብዬ ጻፍኩ። መጥታ አነበበችው።

«ምኑን ነው ያልበሉት?» አለችኝ።

ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ሊነግራት አፉን ሲከፍት በክርኔ ደቆስኩት።

ሌላም ረሀብ መጣ፤ ደርግም ወደቀ። አናጢው ታሞ ከረመና ሞተ። ልቀር ነበር። ግን በኛ አገር የጎረቤት ቀብር፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ አይቀርም። ጀናዛው ሲወጣ ከኋላ ከኋላ ተከተልኩ። ቀዝቃዛ ነፋስ ነበር፤ የባሕር ዛፉ ቅጠል ይንሿሿ ነበር። ሸሁ እንደ ወጉ ከመቃብሩ አፋፍ ቆመው «በሟች ላይ ሐቅ ያለው፣ የሚጠይቀው ዕዳ ያለው ሰው ካለ ይናገር። ካልሆነም ዐፉ፣ ይቅር ይበል» አሉ። ሰው ሁሉ ባንድ ድምፅ «ዐፉ ብለናል» አለ።

እኔ አላልኩም። ማንም አላወቀም፤ በሕዝብ መሀል የአንድ ሰው ዝምታ አይሰማም። ይዞት ይሂድ ብዬ ነበር የመጣሁት።

ያን ጊዜ ልጁ ከቃሬዛው ራስጌ ቀና አለ። ትልቅ ሰው ሆኗል፤ አስተማሪ ነው። በዓይኑ ፈለገኝና አገኘኝ።

«አንድ ሰው ሐቅ አለው» አለ። «አባቴ ተናገሩልኝ ብሎ ለእናቴም ለእኔም አደራ ሰጥቶ ነው የሞተው፤ ባይለኝም እኔ እናገረው ነበር። ያን የሙጫ ዱቄት የበላሁት እኔ ነኝ። እኔና እህቴ። እናቴ ናት ያበላችን፤ አባቴም ያውቃል። እሬቱ የእህቴን ሆድ ፈታው፤ ሳምንት አልቆየችም። ከዚያ በኋላ አባቴ ያንን ዱቄት በአፉ መጥራት አልቻለም። ሞክሮ ነበር፤ አልቻለም። ይኸ ሰውዬ ግን አልበላም። አንዲት ጭብጥ አልበላም።»

ለዚያ ቀን ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ስንት ዓመት ሸክሽኬ፣ አለስልሼ ያስቀመጥኩት። አንዱም አልመጣልኝም። የመጣችልኝ ያቺ ሕፃን ናት። መጋዙ ሲቆም ቀስ ብላ ትገባና ከሰጋቱራው ውስጥ ተቆርጠው የወደቁትን ትናንሽ እንጨቶች ትለቅም ነበር፤ ከእግሬ ሥር ትደረድራቸዋለች፤ «ይኸ ያንተ፣ ይኸ የኔ» እያለች ታካፍለኛለች። እንዴት ረሳኋት? እሷን ሳልጠይቅ እንዴት ያን ሁሉ ዓመት ኖርኩ?

«ዐፉ ብያለሁ» አልኩ።

ሸሁ ጆሯቸውን አዘነበሉ። «አልተሰማም፤ ድገመው ወንድሜ።»

ደገምኩት።

አፈር ስናለብስ ከጎኔ የቆመው ሽማግሌ ትከሻዬን ነካና «ለካ አልበላህም ኖሯል» አለኝ፤ አዲስ ወሬ እንደሚነግረኝ ሁሉ። ሌሎችም መጥተው እጄን ጨበጡኝ። ሲበታተኑ ወደ እናቴ መቃብር ሄጄ ልነግራት አሰብኩ። ግን በዚያ ክፉ ቀን ብዙ ሰው አብሮ ነው የተቀበረው፤ የትኛው ጉድጓድ ውስጥ እንዳለች የሚያሳየኝ አልተገኘም። ሜዳው ላይ ቆምኩና ወደ ሁሉም አቅጣጫ እያየሁ፣ «እማ፣ ተነገረልኝ» አልኩ።

ቀኑ የካቲት 9፣ 1984 ዓ.ም. ነበር።